ዌብሳይቱ የማን ነው? ንግድን ኦንላይን ከማውጣታችን በፊት ማወቅ ያለብን ነገሮች



በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አንዳንዶቹ መልካቸውን እየቀያየሩ ይመላለሳሉ። "ለሱቃችን ዌብሳይት እናሠራ ወይስ ቲክቶክ ይበቃል?" "ዌብሳይት የሠራልን ልጅ ስልክ አያነሳም፣ ምን እናድርግ?" "ከፍለን ቡስት አደረግን፤ ላይኩ መጣ፣ ገዢው ግን የለም።"

ጠያቂዎቹ ብዙ ጊዜ የንግዱ ባለቤቶች አይደሉም። "አንተ ስልክ ታውቃለህ"፣ "አንቺ ኢንተርኔት ይገባሻል" ተብለው የእናታቸውን ልብስ ስፌት፣ የአጎታቸውን የቤት ዕቃ መሸጫ ወይም የጓደኛቸውን ካፌ የኦንላይን ሥራ የተረከቡ ወጣቶች ናቸው። ሥራው ሲሳካ ማንም አያመሰግናቸውም፤ ሲበላሽ ግን የቤተሰብ ገንዘብ ነው የሚባክነው።

ስለዚህ ለአንድ አነስተኛ ንግድ የሚያስፈልገውን መሠረታዊ ነገር በአንድ ቦታ ሰብስበናል። ትንሽ ይረዝማል፤ ሴቭ አድርጋችሁ በየተራ አንብቡት።

1. የኪራይ ቤት እና የራስ ቤት

የፌስቡክ ገጽ፣ የቴሌግራም ቻናል እና የቲክቶክ አካውንት የኪራይ ቤቶች ናቸው። ሰው ይመጣባቸዋል፣ ገበያ አላቸው፣ መጀመሪያ ሲገቡም ነጻ ናቸው። ግን አከራዩ በሩን የዘጋ ቀን ዕቃችን ውስጥ ይቀራል።

ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም እና ዋትሳፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ገደማ ጠፍተው ነበር። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ እና ዩቲዩብ ላይ ገደብ ተጥሎ ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ደንበኞቹን በቴሌግራም ብቻ የሚያገኝ ነጋዴ በእነዚያ ወራት ምን እንደገጠመው መገመት አይከብድም።

ታዲያ ማኅበራዊ ሚዲያን እንተው ማለት ነው? በፍጹም። ሰው ያለው እዚያ ነው። ነገር ግን ከጎኑ የራሳችን የሆነ ነገር መኖር አለበት፦

• በራሳችን ስም የተመዘገበ ዶሜን፣
• ስልክ፣ አድራሻ እና ዋጋ ያለበት ቀላል ዌብሳይት፣
• "መረጃ ላኩልኝ" ብለው የፈቀዱ ደንበኞች ስልክ ቁጥር የተመዘገበበት ዝርዝር።

የመጨረሻዋን አትናቋት። ኢንተርኔቱ በሙሉ ቢቋረጥ እንኳን ደብተር ላይ ያለ ስልክ ቁጥር ይደወልበታል።

2. ለመሆኑ ሁሉም ንግድ ዌብሳይት ያስፈልገዋል?

እውነቱን እንናገር፦ አያስፈልገውም። ሰፈር ውስጥ ሳምቡሳ እና ሻይ የሚሸጥ ወይም ደንበኛው ሁሉ በእግሩ የሚመጣለት የውበት ሳሎን ጉግል ካርታ ላይ በትክክል ቢመዘገብና አንድ ንቁ የቴሌግራም ቻናል ቢኖረው ይበቃዋል።

ዌብሳይት ግዴታ ወደ መሆን የሚጠጋው ገዢው ከመክፈሉ በፊት "እነዚህ ሰዎች እውነት አሉ?" ብሎ የሚያጣራባቸው ሥራዎች ላይ ነው። ቡና ላኪ፣ ሆቴል፣ አስጎብኚ ድርጅት፣ ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ጨረታ የሚወዳደር ተቋራጭ፣ እንዲሁም ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን የሚሸጥ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆኖ አዲስ አበባ ላሉ እናቱ የበዓል ስጦታ ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ሱቁን በአካል ማየት አይችልም። ለእሱ ዌብሳይቱ ራሱ ሱቁ ነው።

3. አራቱ ነገሮች፣ አራት የተለያዩ ክፍያዎች

"ዌብሳይት አሠራን" ሲባል በውስጡ አራት ነገር አለ። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እነዚህን ባለመለየት ነው።

• ዶሜን፦ ስሙ ነው። ሰው ለመግባት የሚጽፈው፣ መጨረሻው ዶት ኮም ወይም ዶት ኢቲ የሆነው። ተገዝቶ አያልቅም፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ዶት ኮም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ይጠይቃል። የአገራችንን ዶት ኢቲ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።
• ሆስቲንግ፦ ቤቱ የሚቀመጥበት መሬት ነው። ፎቶውና ጽሑፉ የሚከማችበት ኮምፒውተር ኪራይ ነው፤ እሱም በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈላል።
• ዲዛይን እና ግንባታ፦ የባለሙያው የእጅ ዋጋ ነው። አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ጥገና ካለ ለብቻው።
• ይዘት፦ ፎቶው፣ ዋጋው እና ማብራሪያው። ይሄን ከባለቤቱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ባለሙያው ላይ ከተጣለ ሥራው ለወራት ይጓተታል።

ዶሜንና ሆስቲንግ ከውጭ ሲገዙ ክፍያው በዶላር ስለሆነ የምንዛሪ ዋጋ ሲጨምር የሚቀጥለው ዓመት እድሳት በብር ይወደዳል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይሄን ብዙዎች አይተውታል። በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ አቅራቢዎችም ስላሉ ከመወሰን በፊት ሁለቱን ማወዳደር ጥሩ ነው።

4. ዋናው ጥያቄ፦ ዶሜኑ በማን ስም ነው?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

እንዲህ ብለን እናስብ። ባለሙያው ዶሜኑን በራሱ ኢሜይል፣ በራሱ ካርድ ገዛ። ክፋት የለውም፤ ቶሎ ለመጨረስ ነው። ሁለት ዓመት አለፈ። ስሙ ቢዝነስ ካርድ ላይ ታተመ፣ መኪና ላይ ተለጠፈ፣ ደንበኛ ለመደው። ከዚያ ባለሙያው አገር ቀየረ፣ ወይም ተጣሉ፣ ወይም በቃ ረሳው። የእድሳት ማስታወሻ የሚላከው ወደ እሱ ኢሜይል ነው። ባለቤቷ የምታውቀው ዌብሳይቱ የጠፋ ቀን ነው።

ጊዜው ያለፈበት ዶት ኮም ወዲያው ለሌላ ሰው አይሸጥም። አስመዝጋቢው ድርጅት የሚሰጠው አጭር የእፎይታ ጊዜ ይኖራል፤ ስሙ ከተሰረዘ በኋላም ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎበት የሚመለስበት 30 ቀን አለ። ከዚያ በኋላ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ችግሩ ግን በእነዚህ ቀናት ሊያስመልሰው የሚችለው አካውንቱ ያለው ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

ስሙ ሌላ ሰው እጅ ከገባ በኋላስ? የተመዘገበ የንግድ ምልክት ያለው ድርጅት በዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መነሻ ክፍያው ግን 1,500 ዶላር ነው፤ ያውም ያዢው በክፉ ልቦና እንደያዘው ማሳየት ያስፈልጋል። በ15 ዶላር የሚጠበቅን ነገር በ1,500 ዶላር ከማሳደድ መጀመሪያ መጠንቀቅ ይሻላል።

ስለዚህ፦

• ለንግዱ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱ። ፓስወርዱ ባለቤቱ ጋር ይሁን።
• ዶሜኑ በዚያ ኢሜይል፣ በባለቤቱ ወይም በድርጅቱ ስም ይመዝገብ። ባለሙያው ቢከፍልም እንኳን አካውንቱ የእናንተ ይሁን።
• እድሳቱን አውቶማቲክ አድርጉ፤ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ከአንድ ወር በፊት አስታውስ በሉት።
• አሁን ያለው ዶሜን በሌላ ሰው አካውንት ከሆነ፣ ሰላም እያለ አዛውሩት። ዝውውሩ የሚከናወነው አስመዝጋቢው ድርጅት በሚሰጠው የሚስጥር ኮድ ነው። አዲስ የተመዘገበ ዶሜን ግን በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ድርጅት አይዛወርም።

ዌብሳይቱ ቀድሞ ለጠፋባችሁ ደግሞ አንድ ነገር እንንገራችሁ፦ "ዌይባክ ማሺን" የሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር የድሮ ገጾችን ኮፒ ያስቀምጣል። የእናንተ ተቀምጦ ከተገኘ ጽሑፉን እና አንዳንድ ፎቶዎችን መመለስ ይቻላል።

5. ስልክ ላይ ካልሠራ አልተሠራም

ባለሙያው ሥራውን በትልቅ ላፕቶፕ ያሳያችኋል፣ ያምራል። ደንበኛችሁ ግን የሚከፍተው በስልክ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ከፓኬጁ ላይ እየቆጠበ።

ገጽ እንደ ስክሪኑ ስፋት ራሱን እንዲያስተካክል የማድረግን አሠራር ስም ሰጥቶ ያስተዋወቀው ኤታን ማርኮት የተባለ ዲዛይነር ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 2010። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2016 ገጾችን የሚመዝነው በዋናነት በስልክ ላይ በሚታዩበት መልክ እንደሚሆን አስታውቋል። ስለዚህ ዛሬ "ስልክ ላይ ትንሽ ይዛባል" የሚባል ምክንያት አይሠራም።

ዋናው ጠላት ፎቶ ነው። በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ባይት ቢሆን፣ 12 ፎቶ ያለበት ገጽ 48 ሜጋ ይበላል። 100 ሜጋ የገዛ ልጅ የእናንተን ሱቅ ሁለት ጊዜ ሲያይ ፓኬጁ አለቀ ማለት ነው! እነዚያው ፎቶዎች እያንዳንዳቸው ወደ 200 ኪሎ ባይት ቢወርዱ ጠቅላላው 2.4 ሜጋ ብቻ ይሆናል፤ በስልክ ስክሪን ላይ ዓይን ብዙም ልዩነት አያይም።

ሥራውን ከመረከባችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ፦

• ዋይፋይ አጥፍታችሁ በዳታ ክፈቱት፤ ውድ ባልሆነ ስልክ ቢሆን ይመረጣል።
• የጉግልን "ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ" በነጻ ተጠቀሙ። የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት እንዳለበት ጉግል ይመክራል።
• ስልክ ቁጥሩን ስትነኩት ይደውላል? ወይስ ቁጥሩን ወረቀት ላይ መገልበጥ አለባችሁ?
• ክሮም "ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም" ይላል? ከሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሮም ምስጠራ በሌላቸው ገጾች ሁሉ ላይ ይሄን ይጽፋል። የምስጠራ ሰርተፍኬቱን "ሌትስ ኢንክሪፕት" በነጻ ስለሚሰጥ "ለዚህ ለብቻው ይከፈላል" ከተባላችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

6. አማርኛችንን ጉግል እንዲያነበው

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ ፊደል ስለነበረው ጽሑፍ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ይዘበራረቅ ነበር። ዛሬ ያ ችግር ተፈቷል፤ እኛ ግን በሌላ መንገድ መልሰን ፈጥረነዋል፦ ሁሉንም ነገር ፖስተር ላይ እየጻፍን።

ስም፣ ዋጋ እና አድራሻ ምስል ውስጥ ብቻ ሲጻፍ ሰው ያነበዋል፤ መፈለጊያው ግን እንደ ጽሑፍ አድርጎ ያገኘዋል ብላችሁ አትተማመኑ። ዓይናቸው የማያይ ሰዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን አንባቢም ይቸገራል። ስለዚህ ፖስተሩን ለጥፉ፣ ከሥሩ ግን መረጃውን በጽሑፍ ድገሙት።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው። አንዱ "ፀጉር" ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው "ጸጉር"። አንዱ "ሠርግ"፣ ሌላው "ሰርግ"። ብዙ ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ይጽፋል። ገጹ ውስጥ በተፈጥሯዊ መንገድ ሁለቱንም አጻጻፍ መጠቀም ብልህነት ነው። በግድ መደርደር ግን አይረዳም፤ አንባቢንም ያሰለቻል።

7. ጉግል ካርታ፦ ነጻው እና ችላ የተባለው

"ቅርቤ ያለ ፋርማሲ"፣ "ቦሌ ኬክ ቤት" ብሎ የሚፈልግ ሰው ለመግዛት የተዘጋጀ ሰው ነው። ለዚህ ሰው የሚታየው የንግዱ የጉግል መገለጫ ነው። መመዝገብ ነጻ ነው። ጉግል ቅደም ተከተሉን የሚወስነው በሦስት ነገር እንደሆነ ራሱ ይናገራል፦ ከተፈለገው ነገር ጋር ያለው ተዛማጅነት፣ ርቀት እና የንግዱ መታወቅ።

እዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው የሚጥል አንድ ጉድጓድ አለ፤ ሰዓት! ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንከፍት ከሆነ ቅጹ ላይ የሚሞላው 8፡00 ኤኤም ነው። "2፡00 ኤኤም" ብለን ከሞላን ጉግል ከሌሊቱ 8 ሰዓት የምንከፍት ያስመስለናል፤ ቀን የሚመጣውን ደንበኛ ደግሞ "ዝግ ነው" ብሎ ሊመልስብን ይችላል። ዛሬውኑ ገብታችሁ አረጋግጡ።

አድራሻ ላይም የመንገድ ስም ብቻ አትጻፉ። ነጥቡን ካርታው ላይ በትክክል አስቀምጡ፣ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ጨምሩ፣ የሕንጻውን በር ፎቶ አንሱ። ሰው እኮ የሚጠፋው ሰፈሩ ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ደርሶ ነው።

8. "ዋጋ ኢንቦክስ" ይብቃ!

ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ቆንጆ ጫማ ይለጠፋል፤ ከሥሩ 80 ሰው "ስንት ነው?" ይላል፤ ለ80ውም "ኢንቦክስ"። ሻጮች ምክንያት አላቸው፦ ተፎካካሪ እንዳያይ፣ ዋጋ ስለሚለዋወጥ፣ ኮሜንት እንዲበዛ። ገዢው ግን የሚያስበው ሌላ ነው፦ "ሰው አይተው ነው ዋጋ የሚጠሩት።"

ዋጋ የሚለዋወጥ ከሆነ ዋጋውን ከነቀኑ ጻፉት። እንደ መጠኑ የሚለያይ ከሆነ "ከዚህ ጀምሮ" በሉ። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ቀድሞ ስለሚያውቅ የእናንተም ጊዜ ይተርፋል።

9. ቡስት ከማድረግ በፊት ሒሳብ

ላይክ ገቢ አይደለም። ማስታወቂያ ስትከፍሉ መድረኩ የሚያመጣላችሁ የጠየቃችሁትን ነው። "ብዙ ሰው ይይልኝ" ካላችሁ የሚያይ ሰው፣ "መልእክት ይላክልኝ" ካላችሁ መልእክት ሊልክ የሚችል ሰው ይፈልግላችኋል። ስለዚህ ዓላማውን በትክክል ምረጡ።

ከዚያ ይሄን ቀላል ስሌት ሥሩ። ለምሳሌ 3,000 ብር ከፈላችሁ፤ 60 ሰው ጻፈ፤ 6 ሰው ገዛ። 3,000 ለ 6 ሲካፈል አንድ ገዢ ለማግኘት 500 ብር ወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ጫማ የምታተርፉት 400 ብር ከሆነ በእያንዳንዱ ሽያጭ 100 ብር ከስራችኋል፤ ኮሜንቱ ቢደምቅም። ትርፉ 1,200 ብር የሆነ ቦርሳ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ 700 ብር ተርፏል፣ ቀጥሉ።

ሌላው ጥያቄ፦ ከ60ው ሰው 54ቱ ለምን ሳይገዛ ቀረ? መልስ ዘግይቶ ከሆነ፣ ዋጋ ካልታየ ወይም ማድረሻ ከሌለ ተጨማሪ ማስታወቂያ አያድነውም። ተከታይ መግዛትማ ጭራሽ አይታሰብ፤ የተገዛ ተከታይ ጫማ አያደርግም።

"ጉግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ" ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ሰው ካጋጠማችሁም ተጠንቀቁ። አንደኛነትን ማንም ዋስትና ሊሰጥበት እንደማይችል ጉግል ራሱ በግልጽ ጽፏል።

10. ቁልፉን ጠብቁ

• በሁሉም አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ።
• የፌስቡክ ገጽ እና የቴሌግራም ቻናል ሙሉ ሥልጣን ባለቤቱ ጋር ይሁን። ሠራተኛ ሲለቅ የዚያኑ ቀን ከአድሚን ይውጣ።
• "ገጽህ በ24 ሰዓት ይዘጋል፣ ይሄን ሊንክ ተጫን" የሚል መልእክት ፓስወርድ ለመስረቅ የሚላክ የተለመደ ወጥመድ ነው። አትንኩት።
• ክፍያን በስክሪንሾት አትመኑ። ዕቃ ከመልቀቃችሁ በፊት በራሳችሁ ቴሌብር ወይም ባንክ አካውንት ላይ ገንዘቡ መግባቱን እዩ።
• የደንበኛ ስልክ እና አድራሻ አደራ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኞችን ዝርዝር ለሌላ ነጋዴ መሸጥ ወይም ማስተላለፍ እንደ ቀላል ነገር አይታይም።

11. ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ቢሆንም ከቃል ስምምነት እና ከተበታተነ ቻት ይልቅ አንድ ገጽ ውል ይሻላል። ቢያንስ እነዚህ ይኑሩበት፦

• ስንት ገጽ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በስንት ቀን፣
• ዶሜኑ እና ሆስቲንጉ በማን ስም እንደሚመዘገብ፣
• ፓስወርዶች እና ሙሉ የፋይል ኮፒ የሚረከቡበት ቀን፣
• ክፍያው በደረጃ፦ ሲጀመር፣ ሙከራው ሲታይ፣ ርክክብ ሲፈጸም፣
• ጥገና ምን እንደሚያካትት እና ዋጋው፣
• ስንት ጊዜ ማስተካከያ በነጻ እንደሚደረግ።

የመጨረሻው ነጥብ ለባለሙያዎቹም ነው። ከተከታዮቻችን መካከል ዌብ ሠሪዎች እንዳላችሁ እናውቃለን። "ትንሽ ቀለሙን ቀይረው፣ ትንሽ ደግሞ..." እየተባለ የሦስት ሳምንት ሥራ አራት ወር የሚፈጅባችሁ፣ ቀሪ ክፍያ የሚከለከልባችሁ እናንተም ናችሁ። ውሉ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል።

ዛሬ ማታ የሚሠራ የቤት ሥራ

ለቤተሰባችሁ ወይም ለወዳጃችሁ ንግድ ሦስት ነገር ብቻ አረጋግጡ፦ ዶሜኑ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ የገጹና የቻናሉ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ጉግል ካርታ ላይ ሰዓቱ ትክክል መሆኑን። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሱቁን የከፈተችው እናት የበሩን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው አይሰጡም። የኦንላይኑም በር ቁልፍ አለው፤ እሱን የማሳወቅ ኃላፊነት ደግሞ "ስልክ ታውቃላችሁ" የተባላችሁት የእናንተ ነው።

ይጠቅመዋል ለምትሉት ነጋዴ አጋሩት። ቸር ይግጠመን!